«ወዴት አኖራችሁት?»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮተቤ ካራ ነው፣ ከተማው አልቆ የለገጣፎ መንገድ በሚጀምርበት በኩል። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ጋዜጣ አነባለሁ እንጂ ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ጃኬት ነው።

ባለፈው ወር አንዲት የሰፈራችን ልጅ የወንድ ጃኬት በፌስታል ይዛ መጣች። ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። «እትዬ፣ ይሄን በልኬ ያስተካክሉልኛል?» አለችኝ። የታላቅ ወንድሟ ነው። መከላከያ ገብቶ በሰሜኑ ጦርነት ቀርቷል። ጃኬቱን ገልብጬ የጎኑን ስፌት መፍታት ስጀምር እጄን ያዘችኝ። «ኮሌታውን ግን እንዳይነኩብኝ» አለች። አየሁት። ግራጫ ጨርቅ ነው። ኮሌታው ከውስጥ በኩል በአንገቱ ወዝ ጠቁሯል። ሳይታጠብ ተጠብቆ የኖረ መሆኑ ገባኝ። እጅጌውን አሳጠርኩ፣ ጎኑን አጠበብኩ። ኮሌታው ላይ ካውያም አላስጠጋሁ።

ለብሳ ስትለካው፣ «የክርስትና ስሙ ማን ነበር? ሚካኤል ስሄድ አብሬ አስጠራልሻለሁ» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ፣ «እማዬ ነበረች የምታውቀው» አለችኝ። እናቷ ካረፈች ዓመት አልፏታል። ልትከፍለኝ ስትል አልተቀበልኳትም። ከሄደች በኋላ የስፌት መኪናዬ ላይ እንደተቀመጥኩ መሸብኝ።

እንደምታውቁት ቤተ ክርስቲያናችን ሟችን የምትጠራው በክርስትና ስሙ ነው። ፍትሐት ሲደረግም፣ ተዝካር ሲወጣም ካህኑ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ይህ ስም መታወቂያ ላይ የለም። የትምህርት ቤት ካርድ ላይ የለም። ከግንባር በሚመጣው ወረቀት ላይም የለም። እናት ዘንድ ነው ያለው። የልጅቷ ወንድም መቃብሩ የት እንደሆነ አይታወቅም። አሁን ደግሞ የሚጠራበት ስም ጠፋ።

እኔም እንዲህ ያለ ወንድም ስላለኝ ነው ነገሩ እንቅልፍ የነሳኝ።

ወንድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ከኮተቤ መገናኛ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ወያላ ነበር። «መገናኛ! መገናኛ!» ሲል ቤት ውስጥ ሆነን ድምፁን እንለየዋለን። እናቴ ድምፁን ስትሰማ ውሃ ትጥዳለች፤ ከሁለት ምልልስ በኋላ ሻይ ሊጠጣ ብቅ ይላል። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ግንቦት 1990 ተጀመረ። እሱ በዓመቱ ተመዘገበ። ለእናቴ የነገራት ከተመዘገበ በኋላ ነው። ብር ሸለቆ ሠለጠነ፤ ከዚያ ወደ ግንባር ሄደ። ሁለት ደብዳቤ ጽፎልናል። የመጨረሻው በ1992 ለፋሲካ የደረሰን ነው። ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል የለበትም። አባታችን ቀድሞ ስላረፈ በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮ የሚያርደው እሱ ነበር። ደብዳቤው ላይ የሚጠይቀው፣ «ዘንድሮ ዶሮውን ማን ያርድላችኋል? ከአሁኑ ሰው ለምኑ» እያለ ነው። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር።

በዚያው ዓመት ግንቦት 4 ትልቁ ማጥቃት ተጀመረ። እናቴ ሬዲዮኑን ከጆሮዋ አታነሳም ነበር። ባሬንቱ፣ ዛላምበሳ፣ ፆረና። አይታቸው የማታውቀውን አገሮች ስማቸውን እንደ ጎረቤት ስም ለመደችው። ሰኔ 11 ቀን አልጀርስ ላይ ውጊያ ለማቆም ተፈራረሙ። እሑድ ነበር። ማግስቱ የሰኔ ሚካኤል ነው። እናቴ ዜናውን ስትሰማ እልልታዋን አቀለጠችው። «ሚካኤል ሰማኝ!» አለች። በነጋታው የተሳለችውን ጃንጥላ ይዛ ሄዳ አስገባች። ታቦቱ ሲወጣ በዚያ ዝናብ ባዶ እግሯን ስትከተል አስታውሳለሁ።

ወንድሜ ያኔ ከሞተ ወር ሊሆነው ምንም አልቀረውም ነበር።

መርዶው የመጣው በ1993 መጋቢት ላይ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት። በሩ ሲንኳኳ እኔ ነኝ ቀድሜ የነቃሁት፤ የከፈተችው ግን እናቴ ናት። የነፍስ አባቷና የሰፈር ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ምንም አልጠየቀቻቸውም። «ግቡ፣ ብርድ ነው» አለቻቸው። ከገቡ በኋላ ነው የጮኸችው።

ወረቀቱ ላይ ግንቦት 1992፣ ዛላምበሳ ግንባር ይላል። ቀን የለውም።

አስከሬን ስለሌለ በፎቶው ተለቀሰ። ፎቶ ቤት የተነሳው ነው፤ ከኋላው አበባና ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ አለ። ሸሚዙንና ጫማውን ምንጣፍ ላይ ዘረጉት። አልቃሿ ያንን ጫማ እያነሳች ነበር ሙሾ የምታወርደው። ሰው ሁሉ እየመጣ እናቴን «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል። ወደ እኔ ዞር ብሎ ደግሞ፣ «አይዞሽ፣ እናትሽን ጠብቂ» ይለኛል። እሷ እንዳትወድቅ ስጠብቅ፣ ንፍሮ ሳቀርብ፣ ውሃ ሳመላልስ ድንኳኑ ተነሳ። ሰዎቹን አልቀየምም። የእናት ሐዘን ከባድ ነው። ግን እኔ ለወንድሜ ተቀምጬ ያለቀስኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ መገናኛ ቆሜ አንድ ወያላ የሱን በሚመስል ድምፅ ሲጣራ። ታክሲው ሞልቶ ሄደ፣ እኔ እዚያው ቀረሁ።

ከዚያ ደግሞ የአርባው ነገር መጣ። አርባ የሚቆጠረው ከሞተበት ቀን ነው። የሞተበትን ቀን አናውቅም። ብናውቀው እንኳ አርባውም ሰማንያውም መንፈቁም አልፏል፤ ሳናስበው ሳናዝንለት ሥጋ ስንበላ፣ ስንስቅ አልፏል። እናቴን ከሞቱ እኩል ያቃጠላት ይህ ነው። «ልጄ አርባ ቀን ሙሉ ማንም ሳይጠራው!» እያለች ደረቷን ትመታ ነበር። የነፍስ አባቷ አጠገቧ ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እማሆይ፣ እግዚአብሔር ዘንድ ቀኑ የታወቀ ነው። እኛ ከሰማንበት እንቁጠር» አሏት። ከመርዶው ቀን ቆጠርን። እናቴ 2 ሺህ ብር ተበድራ ተዝካሩን አወጣች። ጠላ ጠመቀች፣ በግ አረደች። ብድሩን በእንጀራ ከፍለን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀብን። አባቶች ድግሱ ሳይሆን ጸሎቱና ምጽዋቱ ነው ነፍስን የሚረዳው ብለው ያስተምራሉ፤ እውነታቸውን ነው። ያኔ ግን የሰማቸው የለም።

ልጅቷ ጃኬቱን ይዛ የሄደች ማታ የዮሐንስ ወንጌልን ምዕራፍ 11 አነበብኩ። አዲስ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ አነበዋለሁ። ማርታ፣ «ጌታ ሆይ፥ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» ያለችው ቃል የኔም ቃል ስለሆነ ነው። ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ሁልጊዜ ግን «ወንድምሽ ይነሣል» ካላት በኋላ መጽሐፉን ሳም አድርጌ እዘጋለሁ። የዚያን ማታ ወደ ታች ወረድኩ። ጌታ ማርያምና አብረዋት የመጡት ሲያለቅሱ ባየ ጊዜ «ወዴት አኖራችሁት?» ይላል። እነሱም፣ «ጌታ ሆይ፥ መጥተህ እይ» ይሉታል።

እዚህ ላይ ቆምኩ። እኛስ ብንጠየቅ ምን እንላለን? መጥተህ እይ የምንልበት ቦታ የለንም።

ቀጥሎ «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ» ይላል። እስኪ ልብ በሉት። እዚያ ቤት የሚያለቅሱት እናትና አባት አይደሉም። እህቶች ናቸው። ጌታ ከእህት ሐዘን ጋር ነው ያለቀሰው። እህት ሆነሽ ይህን ያህል ምን ያስለቅስሻል አላላትም። ይህንን በአርባ አምስት ዓመቴ ነው ያየሁት፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሳነበው ኖሬ።

እናቴ ቦታውን የማየት ምኞት ነበራት። ሐምሌ 2010 አስመራ ላይ ሰላም ሲፈራረሙ ቴሌቪዥን ስር ቁጭ ብላ አየች። መስከረም 1 ቀን 2011፣ በእንቁጣጣሽ፣ ዛላምበሳ ላይ መንገዱ ሲከፈት ከወዲያና ከወዲህ ሰው ተቃቅፎ ሲላቀስ አየች። «በይ እንግዲህ፣ እንሄዳለን» አለችኝ። ከአቡጀዲ ትንሽ ከረጢት እንድሰፋላት አዘዘችኝ። መዳፍ ታህላለች፣ አፏ ላይ ክር የሚጎተትባት። ከዚያ አፈር ዘግና አምጥታ እዚህ ሚካኤል ግቢ ውስጥ ልታስቀብር ነው። ጎኗን ሁለት ጊዜ ደርቤ ሰፋሁት፣ አፈሩ እንዳይፈስ። እኛ ገንዘብ ስናጠራቅም መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ። እናቴ በ2012 አረፈች። ከረጢቷ መሳቢያዬ ውስጥ ከቁልፍና ከዚፕ ጋር አለች። ባዶዋን ናት።

እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ግን ብልህ ነበረች። ከማረፏ በፊት ለአንድ የቆሎ ተማሪ ምሳ አብልታ፣ በውዳሴ ማርያሟ የመጨረሻ ገጽ ላይ የሁላችንንም የክርስትና ስም አስጽፋ ኖሯል። በእርሳስ ነው የተጻፈው። የወንድሜ ስም ላይ ብዙ ጊዜ በጣቷ ስለነካችው ደብዝዟል። እኔ በስክሪብቶ ደገምኩበት።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ።

አገራችን ዘማቿን አታስብም አልልም። የካቲት 23 አድዋን እናከብራለን። የካቲት 12 ስድስት ኪሎ የሰማዕታቱ ሐውልት ሥር አበባ ይቀመጣል። ለኮሪያ ዘማቾች አፍንጮ በር መታሰቢያ አላቸው፤ ኮሪያ የወደቁት ከ120 በላይ ናቸው። ትግላችን ሐውልት ላይ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የሞቱት ኩባውያን እንኳን ፎቷቸው አለ። አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ ሄጄ አይቻቸዋለሁ። የማላውቃቸውን ልጆች ፊት አንድ በአንድ አየሁ። እናቶቻቸው ባሕር ማዶ ናቸው፣ ልጆቻቸው ግን እኛ ከተማ መሃል በፊታቸው አሉ። ደስ አለኝ፣ ሆዴም ባባ።

እኔ ሐውልት አይደለም የምጠይቀው። የምጠይቀው ስም እንዲጠራ ነው።

የሆሣዕና ዕለት ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት እንደሚደረግ ምእመናን ታውቃላችሁ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለሌለ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ቀድሞ ይጸለይላቸዋል። ዘንባባ ይዘን፣ ጣታችን ላይ ቀለበት ሠርተን የቆምነው ሁሉ እንሰማለን። ማን እንደሚሞት አይታወቅም። ምናልባትም እኔ ነኝ፣ ምናልባትም አጠገቤ የቆመችው ናት። ቤተ ክርስቲያን ግን ማን መሆኑን ሳታውቅ ትፈታዋለች። ታዲያ ገና ላልሞተው ሰው ይህን ካደረገች፣ ሞቶ መቃብሩ ለጠፋው ወታደር በዓመት አንድ ቀን በየአጥቢያው ብታውልለትስ? እኔ ሥርዓት ላስተምር አይደለም፣ ያንን ሊቃውንቱ ያውቃሉ። ቀኑንም እነሱ ይምረጡ። ቤተሰብ የክርስትና ስሙን በወረቀት ያምጣ። ስሙ የጠፋበት ደግሞ «ስሙን አንተ የምታውቀው» ተብሎ ይጠራ። ድግስ አያስፈልግም። ጧፍና ዕጣን ይበቃል።

ከመረብ ማዶም እህት አለች፤ እሷም እንደኔ ደብዳቤ ይዛ የተቀመጠች። የነሱም ካህናት በግዕዝ ነው የሚፈቱት። ስም ሲጠራ የሷንም ወንድም ቢጨምሩልኝ ደስ ይለኛል። ይህን እናቴ በሕይወት እያለች መናገር አልችልም ነበር፤ አሁን እላለሁ።

እድሮችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ያቺ የጃኬቷ ልጅ መርዶ ሲደርሳት እድሩ ተሰብስቦ ተከራክሯል። አስከሬን የለም፣ ለወንድም የሚጣለው ድንኳን በደንቡ አንድ ቀን ነው፣ ማስረጃ ይቅረብ ተባለ። እድሩን ስሙን አልጠራም። ውስጡ ያሉት ደግ ሰዎች ናቸው፣ በችግሬም ደርሰውልኛል። ግን ልጅቷ እናት የላት፣ አባት የላት፣ ያላት እሱ ብቻ ነበር። በማግስቱ ድንኳኑ ሲነቀል ካስማው ሥር ቁጭ ብላ ነበር። ደንብ በሰው እጅ የተጻፈ ነው። አስከሬን ለሌለው ሐዘን አንድ መስመር ብትጨምሩ ምን ይጎድላል? በነገራችን ላይ የዚያን ቀን ሙስሊም ጎረቤቷ ቤቷን ከፍታ ለቀስተኛውን አስተናግዳለች፤ ፕሮቴስታንት የሆኑት ጓደኞቿም ሳምንቱን ሙሉ እየተፈራረቁ አብረዋት አድረዋል። ይህን ስላየሁ ነው ሰው ይሰማኛል ብዬ የጻፍኩት።

ወንድም ወይም እህት ሠራዊቱ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ፣ ዛሬ ማታ እናታችሁን ስሙን ጠይቁ። ሟርት አይደለም። ስሙ ለሕያውም ይጸለይበታል። እናት ከሌለች የክርስትና አባቱን ወይም የክርስትና እናቷን ፈልጉ። የክርስትና ካርድ ካለ እሱም ላይ ተጽፏል።

ለጃኬቷም ልጅ ያልኳት ይህንኑ ነው። የወንድሟ የክርስትና አባት ሰንዳፋ እንደሚኖሩ ከአክስቷ ሰማች። ስልክ አልነበራቸውም። ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍራ ሄደች። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል፤ ጃኬቱን በእጃቸው ዳሰው «የማነው?» አሏት። ነገረቻቸው። ስሙን ወዲያው ነው የነገሯት፤ ለካ በየቀኑ በጸሎታቸው ሲጠሩት ኖረዋል። መሞቱን አልሰሙም ነበር። ተላቅሰው ነው የተለያዩት።

እሑድ ጠዋት አብረን ሚካኤል ሄድን። ጃኬቱን ለብሳዋለች። ሁለቱን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ለካህኑ ሰጠሁ። ይህ ደብዳቤ የደረሳችሁ ሁሉ በጸሎታችሁ ብትጠሩልን ውለታችሁን አንረሳም። የሷ ወንድም ወልደ ሰንበት ነው። የኔ ወንድም ኃይለ ሚካኤል።

እህቱ ነኝ፣
ከኮተቤ ካራ